የመስታወት ምስል የሆኑ አሚኖ አሲዶችን በኤሌክትሮኬሚካል ዳሳሽ የመለየት አሠራር፦ ትሪፕቶፋን እንደ ምሳሌ

ፕሮቲን ከሚገነቡት 20 መደበኛ አሚኖ አሲዶች መካከል ከግላይሲን በስተቀር ሁሉም በሁለት ቅርጽ ሊገኙ ይችላሉ። ኤል እና ዲ ተብለው የሚጠሩት እነዚህ ቅርጾች እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ሲሆን፣ በየትኛውም አቅጣጫ ብናዞራቸው አንዱ በሌላው ላይ ልክ አይገጥምም። ክብደታቸው፣ የሚቀልጡበት ሙቀት፣ በውሃ የመሟሟት ልካቸው አንድ ነው። ሕያው አካል ግን ይለያቸዋል። ኤል-ትሪፕቶፋን መራራ ሲሆን ዲ-ትሪፕቶፋን ጣፋጭ ነው። በባቄላ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውና ለፓርኪንሰን ሕመም በመድኃኒትነት የሚሰጠው ሌቮዶፓ የኤል ቅርጽ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ዲ-ሴሪን በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፤ ዲ-አላኒን በባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ይገኛል፤ በጥርስ ውስጥ ያለው ኤል-አስፓርቲክ አሲድ ደግሞ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ ዲ ስለሚለወጥ የሰውን ዕድሜ ለመገመት ያገለግላል። ስለዚህ በአንድ ናሙና ውስጥ ምን ያህል ኤል፣ ምን ያህል ዲ እንዳለ ማወቅ ለመድኃኒት፣ ለምግብና ለሕክምና ምርመራ እውነተኛ ጥቅም ያለው ጥያቄ ነው።

ይህን ለማወቅ የተለመደው መንገድ ካይራል ኮለን (ግራና ቀኝ ቅርጾችን የሚለይ ቱቦ) የተገጠመለት የክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የድብልቅን ክፍሎች የሚለያይ፣ መሣሪያ ነው። ኮለኑም መሣሪያውም ውድ ነው። ኤሌክትሮኬሚካል ዳሳሽ ግን አንድ ፖቴንሽዮስታት (ቮልቴጅ እየሰጠ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚለካ መሣሪያ)፣ ሦስት ኤሌክትሮዶችና ጥቂት ኬሚካሎች ባሉበት ቤተ ሙከራ ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ይህ መመሪያ በካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን የያዘ ስስ ንብርብር በመሥራት ኤል- እና ዲ-ትሪፕቶፋንን እንዴት መለየት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ትሪፕቶፋን የተመረጠው ያለ ረዳት ኬሚካል በራሱ ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ፣ ማለትም በኤሌክትሮድ ላይ በቀጥታ ኦክሳይድ ስለሚሆን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሁለት የተለያየ ቁመት ያላቸው የፍሰት ጉብታዎች (ቮልቴጁ ሲጨምር ፍሰቱ ከፍ ብሎ የሚታይባቸው ቦታዎች) ማግኘት ሁለቱን ቅርጾች ለይቶ ማወቅ ማለት አይደለም። የሚዛን ስህተት፣ የኤሌክትሮድ መቆሸሽና የሙቀት መለዋወጥም ያንኑ የሚመስል ልዩነት ይፈጥራሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኛዎቹ እነዚህን የሐሰት ልዩነቶች አንድ በአንድ ለመዝጋት የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ጊዜ ይወስዳሉ ተብሎ አንዳቸውም ሊዘለሉ አይገባም።

የአሠራሩ መሠረት

ያልተቀባ የካርቦን ኤሌክትሮድ ግራም ቀኝም የለውም። እጅን በባዶ ጠረጴዛ ላይ ብናሳርፍ ጠረጴዛው ግራ ይሁን ቀኝ እንደማይለይ ሁሉ፣ ባዶው ኤሌክትሮድም ኤል-ትሪፕቶፋንን ከዲ-ትሪፕቶፋን አይለይም። ለመለየት ራሱ ግራና ቀኝ ያለው ነገር ያስፈልጋል። የቀኝ እግር ጫማ ለቀኝ እግር ይመቻል፤ ግራ እግርም በግድ ይገባበታል፣ ነገር ግን አይመችም። የምንለካው ይህን የመመቸትና ያለመመቸት ልዩነት ነው።

ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን ሰባት የዲ-ግሉኮስ ቁራጮች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ሞለኪውል ሲሆን፣ ቅርጹ ታቹ የተነደለ የቡና ስኒ ይመስላል፤ አንደኛው አፉ ሰፋ፣ ሌላኛው ጠበብ ያለ ነው። የውስጡ ስፋት 0.6 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ የትሪፕቶፋን ባለ ሁለት ቀለበት ክፍል ወደ ውስጡ ሊገባ ይችላል። ቀለበቱ ከገባ በኋላ በውጭ የሚቀሩት የአሚንና የካርቦክሲል ቡድኖች ከስኒው ከንፈር ላይ ካሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ጋር ይያያዛሉ። የኤልና የዲ እነዚህ ቡድኖች የሚያመለክቱት አቅጣጫ ስለሚለያይ የአንደኛው መያያዝ ከሌላኛው ይጠብቃል።

ልዩነቱ ትልቅ አይደለም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንዱ ቅርጽ ከሌላው ሁለት እጥፍ አጥብቆ እንዲያዝ የሚያስፈልገው የኃይል ልዩነት በሞል 1.7 ኪሎጁል ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር እየለካን መሆኑን ማስታወስ በሚከተሉት ሥራዎች ሁሉ ጥንቃቄ እንድናደርግ ያግዘናል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መሣሪያ፦ ዲፈረንሻል ፐልስ ቮልታሜትሪ (ቮልቴጁን በአጫጭር ምቶች ከፍ እያደረጉ ፍሰቱን የመለካት ዘዴ) የሚሠራ ፖቴንሽዮስታት፤ 3 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድ (ሦስት ቢሆን ይመረጣል)፤ የብርና ብር ክሎራይድ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ፤ የፕላቲነም ሽቦ፤ አራት አሃዝ ከነጥብ በኋላ የሚያነብ ሚዛን፤ የፒኤች መለኪያ፤ ማይክሮፒፔት፤ የአልትራሳውንድ ማጠቢያ፤ የሙቀት መጠኑ የሚስተካከል የውሃ ገንዳ። የአልትራቫዮሌት ስፔክትሮፎቶሜትር በሕንፃው ውስጥ ካለ ሥራው በእጅጉ ይታመናል።

ኬሚካል፦ ኤል-ትሪፕቶፋን፣ ዲ-ትሪፕቶፋን፣ ካርቦክሲሜቲል-ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን፣ ካይቶሳን (በኤሌክትሮዱ ላይ ስስ ንብርብር የሚሠራ፣ አሚን ያለው ረጅም ሞለኪውል)፣ ኢዲሲ እና ኤንኤችኤስ በመባል የሚታወቁት ሁለቱ አያያዦች፣ የኤምኢኤስ በፈር (በፈር ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ሙሙት ነው)፣ ሁለቱ የሶዲየም ፎስፌት ጨዎች፣ ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ አሴቲክ አሲድ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ እንዲሁም 1.0፣ 0.3 እና 0.05 ማይክሮሜትር የአሉሚና ዱቄት። ዲ-ትሪፕቶፋን ከኤል በጣም ስለሚወደድ መጠኖቹን ሁሉ ትንሽ አድርጌ አስቀምጫለሁ።

ተራ ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን ለምን እንዳልተመረጠ መግለጽ ይገባል። እሱ በአንድ ሊትር ውሃ 18.5 ግራም ያህል ስለሚሟሟ፣ በኤሌክትሮዱ ላይ ጠብ አድርገን ብናደርቀው በመለኪያው ሙሙት ውስጥ ቀስ በቀስ ይታጠባል። የመጀመሪያው መለኪያ ጥሩ ይመስላል፤ አሥረኛው ላይ ንብርብሩ የለም። የካርቦክሲሜቲል ዓይነቱ ግን ከካይቶሳን አሚን ጋር በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር ሊጣበቅ ይችላል።

ደረጃ 1፦ በፈሩንና የትሪፕቶፋን ሙሙቶችን ማዘጋጀት

0.1 ሞላር፣ ፒኤች 7.0 የፎስፌት በፈር ለማዘጋጀት 39 ሚሊሊትር የ0.2 ሞላር ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ሙሙት ከ61 ሚሊሊትር የ0.2 ሞላር ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ሙሙት ጋር ይቀላቅሉና በተጣራ ውሃ 200 ሚሊሊትር ያድርሱት። ጨዎቹን ሲመዝኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የውሃ ቁጥር ያንብቡ፤ ውሃ የሌለው ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት በሞል 142 ግራም ሲመዝን 12 የውሃ ሞለኪውል ያለው 358 ግራም ይመዝናል። ይህን ሳያዩ ማለፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በመጨረሻም ፒኤቹን በመለኪያ ያረጋግጡ።

የትሪፕቶፋን የሞል ክብደት 204.23 ግራም ነው። ከእያንዳንዱ ቅርጽ 51.1 ሚሊግራም ይመዝኑና በ25 ሚሊሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በበፈሩ በማሟሟት 10 ሚሊሞላር ዋና ሙሙት ያዘጋጁ። ትሪፕቶፋን ሲሟሟ ይዘገያል። ፍላስኩን ወደ መስኮት ብርሃን አንሥተው ሲያዩ ከታች የሚንሳፈፍ አንድም ነጭ ቅንጣት እስከማይታይ ድረስ በአልትራሳውንድ ማጠቢያው ውስጥ ያቆዩት፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ብቻ እስከ ምልክቱ ይሙሉት። ፍላስኮቹን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፣ ምክንያቱም ትሪፕቶፋን በብርሃን ይበላሻል። ሙሙቱ ወደ ቢጫነት ካዘነበለ ይድፉት።

ደረጃ 2፦ ሁለቱ ሙሙቶች እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። ኤልና ዲ ተራ ብርሃንን በእኩል መጠን ይመጥጣሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ወደ 0.1 ሚሊሞላር አቅጥነው በ280 ናኖሜትር፣ በ1 ሴንቲሜትር ሴል ውስጥ ሲለኩ ሁለቱም 0.55 ገደማ ማንበብ አለባቸው። የቁጥሩ ትክክለኛነት የሚያሳስበው ሁለተኛ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዳይ ሁለቱ ንባቦች ከ1 በመቶ በላይ አለመለያየታቸው ነው። ከተለያዩ ከሁለቱ አንዱ ዱቄት እርጥበት ይዟል ወይም ሚዛኑ ላይ ስህተት ተፈጥሯል፤ እንደገና ይመዝኑ።

ፖላሪሜትር ካለ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም እውነት መሆኑንም ማየት ይቻላል። ኤል-ትሪፕቶፋን በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሶዲየምን ብርሃን ወደ ግራ ያዞራል፣ ዲ ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ቀኝ ያዞራል። ይህን በአሲድ ውስጥ አይሞክሩት፤ የመዞሩ አቅጣጫ በሙሙቱ ዓይነት ስለሚቀያየር የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደርሳል። ኤል የሚለው ስም የሞለኪውሉን ቅርጽ እንጂ ብርሃን የሚዞርበትን አቅጣጫ አይገልጽም።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሮዱን ማጽዳትና መፈተን

በማለስለሻ ጨርቅ ላይ ትንሽ አሉሚና በተጣራ ውሃ ያርጥቡና ኤሌክትሮዱን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ሳይጫኑ፣ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ያሻሹት፤ በ1.0 ጀምረው፣ ወደ 0.3 አልፈው፣ በ0.05 ይጨርሱ። ለእያንዳንዱ ዱቄት የተለየ ጨርቅ ይኑርዎት። ከየመሃሉ በውሃ ያጥቡት፤ በመጨረሻም በኤታኖል፣ ቀጥሎም በውሃ ውስጥ ለአንድ አንድ ደቂቃ በአልትራሳውንድ ያጽዱት። ጥሩ የጸዳ ገጽ ጥቁር መስታወት ይመስላል፤ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ያለ ጭረት የመብራቱን ምስል ያሳያል።

ቀጥሎ 5 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ በ0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አዘጋጅተው፣ በሴኮንድ 50 ሚሊቮልት ፍጥነት የሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ሥዕል (ቮልቴጁ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ፍሰቱን የሚያሳይ) ይውሰዱ። የሁለቱ ጉብታዎች ርቀት በንድፈ ሐሳብ 59 ሚሊቮልት ነው፤ በተግባር ከ80 በታች ከሆነ ገጹ ጥሩ ነው። ለ3 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በዚህ ክምችት የሚጠበቀው ፍሰት 59 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ማለስለሱን ይድገሙ። ፌሪሳያናይድን ከጠንካራ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፣ ቆሻሻውንም ለብቻው ያጠራቅሙ፤ መርዛማ የሳያናይድ ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና።

ደረጃ 4፦ ባዶው ኤሌክትሮድ የሚሰጠው ምስክርነት

ምንም ሳይቀቡ፣ ኤል-ትሪፕቶፋንን እና ዲ-ትሪፕቶፋንን እያንዳንዳቸውን በ0.5 ሚሊሞላር ክምችት በደረጃ 6 በተገለጸው አኳኋን ይለኩ። ጉብታው ከ0.6 እስከ 0.8 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ይታያል፤ ቁመታቸውም ሆነ ቦታቸው በድግግሞሽ ስህተት ወሰን ውስጥ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆኑ ወደ ፊት አይሂዱ። ባዶ ካርቦን ላይ የሚታይ ልዩነት ከግራና ከቀኝ ሊመጣ አይችልም፤ የመጣው ከእርስዎ አሠራር ነው።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ሥራውን ስጀምር፣ በተቀባው ኤሌክትሮድ ላይ ኤል ሁልጊዜ ከዲ ከፍ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ልዩነቱ አሥር በመቶ ገደማ ሲሆን ከቀን ወደ ቀንም አይለዋወጥም ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ውጤቱን በደስታ ስመዘግብ ቆየሁ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመለኪያውን ቅደም ተከተል ጠየቀኝ። ሁልጊዜ ኤልን አስቀድሜ እለካ ነበር። ዲን አስቀድሜ ስለካ ከፍ ያለው ዲ ሆነ። ትሪፕቶፋን ኦክሳይድ ሲሆን የሚፈጠረው ነገር በኤሌክትሮዱ ላይ እንደ ስስ ዝገት ስለሚለጠፍ ሁለተኛ የሚለካው ሁሉ ዝቅ ይል ነበር። የሳምንቱ መዝገብ የመለጠፍ እንጂ የመለየት መዝገብ አልነበረም። ባዶውን ኤሌክትሮድ አስቀድሜ ፈትሼ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር።

ደረጃ 5፦ የሚለየውን ንብርብር መሥራት

በመጀመሪያ ካይቶሳንን በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ 0.5 በመቶ አድርገው ያሟሙ፤ ሙሉ በሙሉ እንዲሟሟ ሌሊቱን እየተማሰለ ይደር። ከዚህ 5 ማይክሮሊትር ወስደው በጸዳው ኤሌክትሮድ መሃል ላይ ያሳርፉ። ጠብታው ክቡን ጥቁር ገጽ ሞልቶ ወደ ነጩ የፕላስቲክ ዳር ሳይፈስ መቆም አለበት። ጽዋ ወይም ቢከር ደፍተውበት በክፍሉ ሙቀት ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዉት፤ በፀጉር ማድረቂያ የደረቀ ንብርብር ዳር ዳሩ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሳሳል፣ ሁለት ኤሌክትሮዶችም አንድ ዓይነት አይወጡም።

የደረቀውን ኤሌክትሮድ ለአንድ ደቂቃ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይንከሩና በብዙ ውሃ ያጥቡት። ይህ ትንሽ የሚመስል እርምጃ ሁለት ሥራ ይሠራል። ካይቶሳን በአሲድ ውስጥ የሚሟሟውና ፒኤቹ ከ6.5 ገደማ በላይ ሲሆን የማይሟሟው አሚኑ ፕሮቶን ስለሚይዝና ስለሚለቅ ነው፤ በሃይድሮክሳይድ ሲታጠብ ንብርብሩ ጸንቶ ይቀመጣል። በተጨማሪም አሴቲክ አሲዱ ይወጣል። አሴቲክ አሲድ ራሱ የካርቦክሲል ቡድን ስላለው በንብርብሩ ውስጥ ከቀረ በሚቀጥለው እርምጃ አያያዡን ይሻማል፣ ሳይክሎዴክስትሪኑም ሳይጣበቅ ይቀራል። በዚሁ ምክንያት ይህን ዳሳሽ ከፒኤች 6.5 በታች በሆነ ሙሙት ውስጥ አይጠቀሙበት።

አሁን 50 ሚሊግራም ካርቦክሲሜቲል-ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን በ5 ሚሊሊትር የ0.1 ሞላር ኤምኢኤስ በፈር፣ ፒኤች 5.5፣ ውስጥ ያሟሙ። 19.2 ሚሊግራም የኢዲሲ ሃይድሮክሎራይድና 5.8 ሚሊግራም ኤንኤችኤስ ይጨምሩበትና ለ15 ደቂቃ እያማሰሉ ይጠብቁ። ኢዲሲ ከእርጥበት ጋር ስለሚበላሽ ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይደርስ አይከፈት፤ ቆዳና ዓይንም ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ከ15 ደቂቃው በኋላ በጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹን ወደ 7.2 ያንሱትና ኤሌክትሮዱን ለሁለት ሰዓት ይንከሩበት። በዚህ እርምጃ ትሪስ ወይም ግላይሲን ያለበት በፈር መጠቀም አይቻልም፤ ሁለቱም አሚን ስላላቸው በካይቶሳኑ ፈንታ እነሱ ይያያዛሉ። ሁለቱ ሰዓት ሲያበቃ ኤሌክትሮዱን አጥበው ለ30 ደቂቃ በፎስፌት በፈር ውስጥ ያቆዩት፤ ያልተጣበቀው ይወጣል።

ከዚሁ ጋር ሁለት የማነጻጸሪያ ኤሌክትሮዶች ይሥሩ። አንደኛው ካይቶሳን ብቻ የተቀባ ይሁን። ካይቶሳን ራሱ ከዲ-ግሉኮሳሚን የተሠራ ስለሆነ የራሱ ግራና ቀኝ አለው፣ በትንሹም ሊለይ ይችላል፤ የሳይክሎዴክስትሪኑን ድርሻ ለይቶ ለማወቅ የእሱን ድርሻ ማወቅ ግድ ነው። ሁለተኛው በሳይክሎዴክስትሪኑ ሙሙት ውስጥ ያለ ኢዲሲ የተነከረ ይሁን። ይህኛው ከታጠበ በኋላ እንደ ካይቶሳኑ ብቻ ከሆነ ትስስሩ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣል። ሁሉንም በፌሪሳያናይዱ ሙሙት እንደገና ሲፈትኑ ሥዕሉ ከባዶው ኤሌክትሮድ መለወጥ አለበት፤ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ካርቦክሲሜቲል-ሳይክሎዴክስትሪን አሉታዊውን ፌሪሳያናይድ ስለሚገፋ፣ ካይቶሳን ብቻ ከተቀባው ጋር ሲነጻጸር ጉብታው ዝቅ ማለቱ ንብርብሩ መኖሩን ያመለክታል።

ደረጃ 6፦ መለካት

ሴሉን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተስተካከለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሙቀቱ ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይለዋወጥ ይከታተሉ። 9.5 ሚሊሊትር በፈር ላይ 0.5 ሚሊሊትር ዋና ሙሙት ሲጨመር 0.5 ሚሊሞላር ይሆናል። ኤሌክትሮዱን አስገብተው ምንም ቮልቴጅ ሳይሰጡ ሙሙቱን ለ120 ሴኮንድ ያማስሉ፤ ትሪፕቶፋኑ ወደ ስኒዎቹ የሚገባው፣ መለየቱም የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። ማማሰሉን አቁመው 10 ሴኮንድ ከጠበቁ በኋላ ዲፈረንሻል ፐልስ ቮልታሜትሪን ከ0.4 እስከ 1.0 ቮልት ያስኪዱ። ለመጀመሪያ የሚሆኑ ልኮች፦ እርምጃው 4 ሚሊቮልት፣ የፐልሱ ከፍታ 50 ሚሊቮልት፣ የፐልሱ ርዝመት 0.05 ሴኮንድ፣ ዑደቱ 0.2 ሴኮንድ። በንብርብሩ ውፍረት ምክንያት የማማሰያው ጊዜ ሊለያይ ስለሚችል፣ 30፣ 60፣ 120፣ 240 ሴኮንድ ሞክረው የሁለቱ ጉብታዎች ልዩነት ማደጉን የሚያቆምበትን ይምረጡ።

ከእያንዳንዱ መለኪያ በኋላ ኤሌክትሮዱን ያጥቡና ትሪፕቶፋን በሌለበት በፈር ውስጥ በዚያው ክልል አሥር ጊዜ የሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ያዙሩት፤ ከዚያ አንድ ባዶ ፐልስ ቮልታሜትሪ ይውሰዱ። የቀድሞው ጉብታ ርዝራዥ ከታየ ማጠቡን ይድገሙ። ካልጠፋ ያ ንብርብር አገልግሎቱን ጨርሷል፤ ኤሌክትሮዱን አለስልሰው አዲስ ይሥሩ።

ቅደም ተከተሉን ኤል፣ ዲ፣ ዲ፣ ኤል፣ ቀጥሎ ዲ፣ ኤል፣ ኤል፣ ዲ እያደረጉ ይለዋውጡ። ሁለቱም በእኩል ጊዜ በፊትና በኋላ ስለሚመጡ የመለጠፉ ጉዳት በሁለቱ ላይ እኩል ይከፋፈላል። በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ቅርጽ አምስት መለኪያ ይውሰዱ፣ ይህንንም ለየብቻ በተሠሩ ሦስት ኤሌክትሮዶች ላይ ይድገሙት። በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ ብቻ የታየ ልዩነት የዚያ ኤሌክትሮድ ጠባይ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ቅርጽ ከፍ ብሎ እንደሚወጣ አስቀድመው አይወስኑ። አጥብቆ የሚያያዘው ቅርጽ በንብርብሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ከፍ ያለ ፍሰት ሊሰጥ ይችላል፤ በሌላ ንብርብር ደግሞ ስኒው ውስጥ ተይዞ ካርቦኑ ጋ ሳይደርስ ዝቅ ያለ ፍሰት ይሰጣል። ሁለቱም በሥራ የሚያጋጥሙ ናቸው። የሚፈለገው በሦስቱም ኤሌክትሮዶች ላይ አቅጣጫው አንድ መሆኑ ነው።

ደረጃ 7፦ ስሌት

የኤል-ጉብታ ከፍታ ለዲ-ጉብታ ከፍታ ሲካፈል የመለያ ጥምርታው ይገኛል። ይህ ቁጥር ዳሳሹን ከሌላ ዳሳሽ ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የናሙናን ይዘት ለማወቅ ግን የመለኪያ መስመር ያስፈልጋል። ጠቅላላው ክምችት 0.5 ሚሊሞላር እንደሆነ ይቆይና የኤል ድርሻ 0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ የሆነባቸውን አምስት ድብልቆች ይለኩ። ፍሰቱ ከድርሻው ጋር በቀጥታ መስመር መለወጥ አለበት። መስመሩ ከጎበጠ ስኒዎቹ ሞልተዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ጠቅላላ ክምችቱን በግማሽ ቀንሰው ይሞክሩ።

ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮችን እንጠቀም። ንጹሕ ኤል 12.0 ማይክሮአምፔር፣ ንጹሕ ዲ 8.0 ማይክሮአምፔር ቢሰጥ ጥምርታው 1.5 ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ የኤል ድርሻ ፍሰቱ በ0.04 ማይክሮአምፔር ይጨምራል። ናሙናው 11.0 ከሰጠ ከዲ ያለው ርቀት 3.0 ስለሆነ ለ0.04 ሲካፈል 75 በመቶ ኤል፣ 25 በመቶ ዲ ማለት ነው። የድግግሞሽ ስህተቱ 0.2 ማይክሮአምፔር ከሆነ ግን መልሱ በ5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዳሳሽ የመድኃኒት ዱቄት ውስጥ አንድ በመቶ ዲ መኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ለዚያ ወደ ክሮማቶግራፊው መሄድ ያስፈልጋል። በውጤቱ ላይ ይህን ወሰን በግልጽ መጻፍ የሥራው አካል ነው።

አንድ ችግር ይቀራል። የናሙናው ጠቅላላ ክምችት ካልታወቀ፣ 11.0 ማይክሮአምፔር ብዙ ኤል ካለበት ቀጭን ሙሙትም ሆነ ብዙ ዲ ካለበት ወፍራም ሙሙት ሊመጣ ይችላል፤ በአንድ ቁጥር ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው በደረጃ 4 የተፈተነው ባዶ ኤሌክትሮድ ነው። እሱ ግራና ቀኝ ስለማይለይ የሚቆጥረው ጠቅላላውን ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙናውን በመጀመሪያ በባዶው ይለኩ፣ ጠቅላላ ክምችቱን ያውቁና ወደ 0.5 ሚሊሞላር ያቅጥኑት፤ ቀጥሎ በተቀባው ይለኩት። እንደ መጀመሪያ እንቅፋት ያየነው አለመለየት እዚህ ላይ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ በእኔ አስተያየት የዚህ አሠራር ምርጡ ክፍል ይህ ነው።

ወደ እውነተኛ ናሙናና ወደ ሌሎች አሚኖ አሲዶች

በምግብ ወይም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ አስኮርቢክ አሲድ፣ ዩሪክ አሲድና ታይሮሲን አብረው ይገኛሉ። አስኮርቢክና ዩሪክ አሲድ ከትሪፕቶፋን ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ኦክሳይድ ስለሚሆኑ ጉብታቸው አብዛኛውን ጊዜ ይለያል፤ ታይሮሲን ግን በጣም ስለሚቀርብ ይደራረባል። ስለዚህ በናሙናው ላይ የታወቀ መጠን ኤል፣ ቀጥሎም የታወቀ መጠን ዲ እየጨመሩ የተጨመረው ሁሉ ተመልሶ መነበቡን ይፈትኑ። ፕሮቲን ያለበት ናሙና አስቀድሞ መጣራት አለበት፤ ፕሮቲን ስኒዎቹን ይሸፍናል።

ታይሮሲን፣ ሲስቴይንና ዶፓ ኤሌክትሮን ስለሚሰጡ በዚሁ መንገድ፣ ቮልቴጁንና ክምችቱን ብቻ በመለወጥ ሊሞከሩ ይችላሉ። አላኒንና ሴሪን ግን በካርቦን ላይ በዚህ ክልል አይነበቡም። ለእነሱ የሚሻለው ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1935 የገለጸው ዲ-አሚኖ አሲድ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም የኤል ቅርጽን ሳይነካ ዲውን ብቻ ሲያፈርስ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ ፐርኦክሳይዱ በፕላቲነም ኤሌክትሮድ ላይ በ0.6 ቮልት ገደማ ይለካል። የመለየት ኃይሉ ከሳይክሎዴክስትሪን እጅግ የላቀ ነው፤ ነገር ግን ኤንዛይሙ በቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው፣ ዲ-አስፓርቲክ አሲድን የመሳሰሉ አሲዳማ አሚኖ አሲዶች ላይ ደግሞ እምብዛም ስለማይሠራ ለእነሱ ሌላ ኤንዛይም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ፈተና

ዳሳሹ ዝግጁ ነው ከማለትዎ በፊት አንድ ባልደረባዎን ስምንት ትናንሽ ጠርሙሶች እንዲያዘጋጅልዎ ይጠይቁ። በውስጣቸው ንጹሕ ኤል፣ ንጹሕ ዲ፣ እኩል ድብልቅና ሌሎች ድርሻዎች ይኑሩ፤ ቢያንስ አንዱ ትሪፕቶፋን የሌለበት በፈር ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ግላይሲን ያለበት በፈር ይሁን። በጠርሙሶቹ ላይ ከቁጥር በስተቀር ምንም አይጻፍ፤ ዝርዝሩም በታሸገ ፖስታ እሱ ዘንድ ይቆይ። ስምንቱንም በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ይለኩ፣ መልሱን ከነስህተት ወሰኑ በመዝገብዎ ላይ በብዕር ይጻፉ፣ ይፈርሙበትም። ፖስታው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ከስምንቱ መልሶች አንዱ እንኳ ከጻፉት ወሰን ውጭ ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱና ባዶውን ኤሌክትሮድ እንደገና ይፈትሹ።